ሐኪሙን ማን ጠየቀው?

ባለፈው እትም አንድ ጓደኛችን ስለ አብርሃም ቨርጊስ «ከቲንግ ፎር ስቶን» ሐተታ አቅርቦ ነበር። የልብ ወለዱ ቁንጮ፣ ወጣቱ ሐኪም ማሪዮን ስቶን ታሞ አልጋ ላይ የሚወድቅበት ክፍል ነው ይላል፤ ሐኪም የሕመምተኛን ኑሮ የሚያውቀው ራሱ የተኛ ዕለት ነውም ብሎ ደምድሟል። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ልጁ ደክሞበታል። እኔ ግን አልተስማማሁም። ይህንኑ ካፌ በር ላይ ስነግረው «እንግዲያው ጻፊዋ» አለኝ። ይኸው ጻፍኳት።

ነገሩን ከመጽሐፍ አልጀምርም፤ ከላንጋኖ ልጀምር።

የንባብ ክበባችን አባላት ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜና እሑድ ገንዘብ አዋጥተን፣ ሚኒባስ ተከራይተን ወረድን። ከሞጆ ታጥፎ፣ መቂን፣ ዝዋይን (ባቱን)፣ አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን አልፎ፣ ከአዲስ አበባ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ላንጋኖን ያየ እንደሚያውቀው ውኃው ወተት ጠብ ያለበት ሻይ ይመስላል። ቢልሃርዝያ የለበትም ስለሚባል ከተሜው ሁሉ ይዋኝበታል፤ እኛም ዋኘን። ከመካከላችን አንዱ የሕክምና ተማሪ ነው፤ ሊመረቅ ጥቂት ወራት የቀሩት፣ ነጭ ጋውን ለብሶ ዋርድ የሚዞር፣ እኛ «ዶክተር» ስንለው እምቢ የማይል። ቅዳሜ ማታ እሳት አንድደን ተራ በተራ የቼኾቭን «ዋርድ ቁጥር 6» በእንግሊዝኛ ስናነብ እሱ ቀድሞን ተነሣ። እንቅልፍ መጣብኝ አለ።

እኩለ ሌሊት ላይ ከድንኳኑ የጥርስ መንገጫገጭ ሰማን። በባትሪ ብርሃን ሰዓቱን እያየ የራሱን የልብ ትርታ ይቆጥራል። «ደህና ነኝ፤ ራሴን እከታተላለሁ» አለን። ሲነጋ መቆም አቃተው። ደግፈን መኪና ውስጥ አስገባነውና በዋናው መንገድ ላይ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድነው።

ካርድ አወጣንለት። አግዳሚው ወንበር ላይ ልጅ ያቀፉ አንዲት እናት ነበሩ። ፊቱን አይተው ጠጋ አሉና «ኢልማ ኮ» ብለው ቦታ ሰጡት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እሳቸው ቀድመው ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር የሚናገሩት ይሰማል፤ የመቂው ልጅ ኦሮምኛውን ተረጎመልን። ልጁ ሌሊት እሳት ነው፣ ጧት በረዶ ነው፣ ትናንት ጡት ይዞ ነበር፣ ዛሬ ጡቱን ሳየው ያለቅሳል፤ ይኸው ነበር። ከዚያ የኛ «ዶክተር» ገባ። በዕድሜ ጠና ያሉት ባለሙያ «ምን ይሰማሃል?» አሉት። እሱም በትምህርቱ ቋንቋ፣ ፊቨር አለው፣ ቺልስ አለው፣ ማያልጂያ አለው እያለ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገር ሁሉ ዘረዘረላቸው። ሰውዬው ታግሰው ከሰሙት በኋላ፣ «እሱን እኔ እጽፈዋለሁ። አንተን ምን ይሰማሃል ነው የምልህ» አሉት።

ዝም አለ። ረጅም ዝምታ ነበር። ከዚያ «ፈርቻለሁ» አለ።

ስምጥ ሸለቆ ነውና የመጀመሪያው ጥርጣሬ ወባ ነው። ናዝሬት የወባ መከላከያ ሠራተኞች ማሠልጠኛ የተከፈተባት ያለ ነገር አይደለም፤ በ1951 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በሀገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ደሙ ሲታይ ግን ወባ አልተገኘበትም። አዲስ አበባ ስንመለስ አንዱ ታይፎይድ አለው፤ ሌላው ታይፎይድና ታይፈስ አለው (ከሀገራችን ሰው ይህን ያልተባለ ካለ እጁን ያውጣ)፤ ሦስተኛው የሁለቱም አይደለም አለው። እናቱ ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ አሽተው አጠጡት። በአሥራ አንደኛው ቀን ትኩሳቱ እንደመጣ ሄደ። ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አሁን ወደ ሥነ ጽሑፍ ልመለስ። በቋንቋችን ታማሚ ዘንድ መሄድን «መጠየቅ» እንለዋለን። «እገሌን ጠየቃችሁት?» ሲባል «ሄዳችሁ አያችሁት?» ማለት ነው፤ ቃሉ ግን ጥያቄ ነው። ብርቱካንና ለስላሳ ይዞ ሄዶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ምንም ሳይጠይቅ «እግዜር ይማርህ» ብሎ የሚመለስ ስንት አለ! ስለታመመ ሐኪም የተጻፈን ማንኛውንም ሥራ እኔ የምመዝነው በዚህች ቃል ነው። ሐኪሙን ማን ጠየቀው? እሱስ በሙያው ቃላት መሸሸጊያ ሳያገኝ መለሰ ወይ? ከጎኑ አግዳሚው ላይ የተቀመጠውንስ ሰው ደራሲው አየው?

በዚህ ሚዛን ቼኾቭን የሚያህል አላገኘሁም። «ዋርድ ቁጥር 6» የታተመው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። ዶክተር ራጊን በአንዲት የገጠር ከተማ ሆስፒታል ከሃያ ዓመት በላይ የሠራ ሐኪም ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሰነፈ ሰው ነው። ቤቱ ተቀምጦ መጻሕፍት ያነባል፣ ቢራ ይጠጣል። የአእምሮ ሕመምተኞቹ ክፍል መግማቱን ያውቃል። ዘበኛው ኒኪታ ሕመምተኞቹን በቡጢ እንደሚያነጋግራቸውም ይሰማል። ከታማሚዎቹ መሐል ግሮሞቭ የሚባል የተማረ ሰው አለ፤ ራጊን እሱ ዘንድ እየሄደ ስለ ኑሮና ስለ ሥቃይ ይፈላሰፋል። ሙቀት ባለው የጥናት ክፍልና በዚህ ዋርድ መካከል ልዩነት የለም፣ ሰላም ያለው በሰው ልብ ውስጥ ነው ይለዋል። ግሮሞቭ ይሣለቅበታል፤ አንተ በሕይወትህ በጥፊ ተመተህ አታውቅም እንደማለት ነው መልሱ። ግሮሞቭ እብድ ነው መባሉን ለጊዜው ብንረሳው፣ በዚያች ከተማ ለሐኪሙ እውነቱን የነገረው እሱ ብቻ ነው።

ሐኪም ከእብድ ጋር ሰዓታት ያወራል የሚል ወሬ ይነዛል። እዚህ ላይ ቼኾቭ የሠራውን ተመልከቱ። ራጊንን ለስብሰባ ብለው ወደ ማዘጋጃ ቤት ይጠሩታል። ተቀምጦ ሳለ አንድ የማያውቀው ሐኪም ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ፣ ዓመቱ ስንት ቀን እንዳለው ይጠይቀዋል። ሰውዬው ይመልሳል። ከወጣ በኋላ ነው ነገሩ የሚገባው፤ አእምሮውን እየመረመሩት ኖሯል። ጥያቄ ተጠየቀ ማለት ነው፤ ግን ማንም ምን ይሰማሃል አላለውም። ፋይሉ ቀድሞ ተዘግቶ ነበር።

ወንበሩን የሚመኘው የሥራ ባልደረባው ሖቦቶቭ፣ አንድ አስቸጋሪ ሕመምተኛ አለና አብረን እንየው ብሎ ያታልለዋል። ወደ ዋርዱ ያስገባውና ቆይ መጣሁ ብሎ ይወጣል። ቀጥሎ የሚገባው ኒኪታ ነው፤ የሆስፒታል ልብስ ታቅፏል። ሱሪው አጭር፣ ሸሚዙ ረጅም፣ ካፖርቱ በጭስ የደረቀ ዓሣ ይሸታል። ይህን ገጽ ላንጋኖ ላይ ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነበርኩ፤ ሁለት ሦስቱ ሣቁ። ስለ ሆስፒታል ስንት ድርሰት ተጽፎ ይሆናል፤ የካፖርቱን ሽታ የጻፈ ግን ሕመምተኛ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። ሐኪሙን ሕመምተኛ ያደረገው በሽታ አይደለማ! ልብሱ ነው። በሽታው ስም እንኳ የለውም፤ ደራሲው ሆን ብሎ አልሰጠውም።

ራጊን ልውጣ ሲል ኒኪታ ይደበድበዋል። በአፉ ውስጥ ጨው ጨው ይለዋል። እዚያ ተኝቶ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ይህንን ሕመም ከሃያ ዓመት በላይ በየቀኑ ሲቀምሱት እሱ እንዳላወቀ፣ ማወቅም እንዳልፈለገ የሚታየው። በማግስቱ «ሊጠይቁት» ይመጣሉ። የፖስታ ቤቱ ሹም ወዳጁ ሻይና ጣፋጭ ይዞ ይመጣል። ወጥ ቤቷ ዳርዩሽካ አንድ ሰዓት ሙሉ አልጋው አጠገብ ዝም ብላ ትቆማለች። ሖቦቶቭም አያፍርም፣ የሚያስተኛ መድኃኒት ይዞ ብቅ ይላል። ጠያቂ ሞልቷል፣ የጠየቀ ግን የለም። ወደ ማታ ራጊን ይሞታል።

እኛ ይህን ታሪክ የባዕድ ነው ልንለው አንችልም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ፣ ወይም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያደመጠ፣ ካሣ ዳምጤን ያስታውሳል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ያ ሰው አእምሮው ከሁሉም የሰላ ነው፤ ነገር ግን የኖረበትን ሥርዓት ስለተቸ «ጉዱ ካሣ» አሉት፣ አበቃ። ስም ማውጣት ሕክምና አይደለም። ስም ማውጣት ብዙ ጊዜ ከመጠየቅ መገላገያ ነው።

የቼኾቭ የራሱ ኑሮ ደግሞ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1884 ከሞስኮ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ደም ተፋ። ሐኪም ነው፤ ደም መትፋት ምን እንደሆነ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ግን ለዓመታት በሌላ ሐኪም አልታይም አለ፤ ለዘመዶቹ የጉሮሮ ነገር ነው እያለ ጻፈ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለሐኪምም ይሠራል ለካ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1897 ሞስኮ ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ ደም ከአፉ ጎረፈና ክሊኒክ ገባ፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። ቶልስቶይ ሊጠይቀው ሄዶ ስለ ነፍስ አለመሞት አወራለት አሉ። ደረቱን ይዞ ለተኛ ሰው! «ዋርድ ቁጥር 6»ን ከዚያ አምስት ዓመት ቀድሞ መጻፉን ሳስብ፣ ለራሱ ያልነገረውን ለራጊን ነግሮታል እላለሁ። በ44 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞተ።

ወደ ቨርጊስ ልምጣ፣ ጠቡ ያለው እዚያ ነውና። ቨርጊስ እ.ኤ.አ. በ1955 አዲስ አበባ ከሕንዳውያን መምህራን ተወለደ፤ ሕክምና እዚሁ ጀምሮ በአብዮቱ ምክንያት አቋረጠ። አሜሪካ ሄዶ በሆስፒታል በረዳትነት ሲሠራ ቆይቶ ነው ሕንድ ሀገር ትምህርቱን የጨረሰው። ሐኪሙ ከወጣ በኋላ በሕመምተኛው ክፍል ምን እንደሚደረግ ያየ ሰው ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ልብ ወለዱ አዲስ አበባን የሚያይበት ዓይን ፍቅር አለው፤ «ሚሲንግ» የሚባለው ሆስፒታል ስሙ ራሱ «ሚሽን» ከማለት የተጣመመ ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

ማሪዮን ሐኪም ሆኖ ኒው ዮርክ ሳለ ይታመማል። በሽታው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ጉበቱን ይበላዋል። እኛ ሠፈር ቢሆን ዓይኑን አይተው የወፍ በሽታ ነው፣ የሌሊት ወፍ ጥሎበት ነው ይሉት ነበር። እዚያ ግን ስሙ በምርመራ ይወጣል፤ ከዚያም ዓለም በሙሉ አልጋው ዙሪያ ይሰበሰባል። እናቱ ሄማ ውቅያኖስ ተሻግራ ትመጣለች። መንትያው ሺቫ ጉበቱን ከፍሎ ይሰጠዋል። ሲወለድ ጥሎት የሸሸው አባቱ፣ ታላቁ ቀዶ ጥገና ሐኪም ቶማስ ስቶን፣ እሱው ይቀደዋል። ሺቫ በዚያው ምክንያት ይሞታል። ስናነበው እናለቅሳለን፤ እኔም አልቅሻለሁ። ግን መጽሐፉን ዘግቼ ሳስበው፣ ማሪዮን ሕመምተኛ የሆነው ለስንት ገጽ ነው? ሕመሙ የታሪኩን ክሮች ሁሉ የሚያስር ቋጠሮ ሆነና ሕመም መሆኑ ቀረ። አባት ልጁን እንዲያገኝ፣ ወንድም ለወንድም እንዲሰዋ የተላከ መልእክተኛ ሆነ። በሽታውን ያመጣችበት ገነትስ? እሷም ታማሚ ናት እኮ። ተራኪው ማሪዮን ስለሆነ የምናያት በእሱ ዓይን ብቻ ነው፤ እሱን ምን ይሰማሃል የሚለው ሞልቶ ሳለ እሷን ያላት የለም። አግዳሚው ላይ ቦታ አልተሰጣትም።

ባለፈው እትም የጻፈው ጓደኛችን ያለፈው ክፍል መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ነው ያለው። ነርሷ ሲስተር ሜሪ ጆሴፍ ፕሬዝ አንድ ቀን ክፍሏ ውስጥ በሥቃይ ተኝታ ትገኛለች። ሕመሙ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ስቶን ለዓመታት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀስ ስታቀብለው የኖረች ሴት ናት። ዕውቀቱ በሙሉ አለው፣ እጁ ወርቅ ነው፤ ግን ያረገዘች መሆኗን አያውቅም። መንትያ ወልዳ ትሞታለች፤ እሱ ይሸሻል። አያችሁ፣ ባለሙያዋ ራሷ ሕመምተኛ ስትሆን፣ ሕመሟም ሳይገለጥ ሲቀር፣ እዚያ ሆስፒታል ያለ ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ የኖረው ነገር በአንድ ቀን ይፈነዳል። ቨርጊስ ቼኾቭን የሚጠጋው እዚህ ጋ ነው፤ በስድስት መቶ ምናምን ገጽ ውስጥ ይህን ያህል የሚያስፈራ ሌላ ቦታ የለም።

ሁለተኛው የምወደው ዶክተር ጎሽ ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው፤ የደም ካንሰር ይይዘዋል፤ አውቆ ለተወሰነ ጊዜ ደብቆት ይኖራል። እንደ ቼኾቭ ማለት ነው፤ ልዩነቱ የሱ ድብቅነት ለራሱ ሳይሆን ለቤተሰቡ መሆኑ ነው። ከመሞቱ በፊት ለማሪዮን አደራ ይሰጣል፤ ስቶንን ፈልገህ አግኘው ይላል። ከማሪዮን ጉበት የጎሽ አደራ ይበልጥብኛል።

በዚህ መሐል የሕክምና ተማሪዎቹ የሚቀባበሉት ሌላ መጽሐፍ አለ፤ ዴቪድ ፋይገንባውም እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመው «ቼዚንግ ማይ ኪውር»። ልብ ወለድ አይደለም፣ የራሱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ሳለ ድንገት የውስጥ አካላቱ ሥራ ማቆም ጀመሩ፤ ሐኪሞቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ቄስ ተጠርቶ የመጨረሻ ጸሎት ተደረገለት። በኋላ ካስልማን የሚባል በሽታ መሆኑ ታወቀ፤ የሱ ዓይነቱ ፊት ላይ «ኢዲዮፓቲክ» የሚል ቃል አለበት። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ ሲተረጎም ምክንያቱ አልታወቀም ከማለት አይዘልም፣ ግን ካርድ ላይ ሲጻፍ ዕውቀት ይመስላል። ሰውዬው በሽታው እየደጋገመ ሲጥለው የራሱን ደም ናሙና መርምሮ፣ ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰዎች የሚሰጥ ሲሮሊመስ የተባለ መድኃኒት ለራሱ መረጠ፤ ለዓመታትም ሳይመለስበት ቆየ። ታላቅ ሥራ ነው። በሥነ ጽሑፍነቱ ግን ችግሩ፣ ጋውኑን ቶሎ መልሶ መልበሱ ነው። ራሱን ራሱ ጠየቀ፤ የላቦራቶሪ ቁልፍ በእጁ ነበራ! የላንጋኖዋ እናት ቁልፍ የላቸውም። የነበራቸው «ሌሊት እሳት፣ ጧት በረዶ» የሚል ቃል ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ ለታመመው ጓደኛችን አነበብኩለት። ስለሱ መጻፌን ፈቅዷል፤ ስሙን ብቻ ተዪው አለ። የእናቲቱን ንግግር በተመለከተ፣ «እንደዚያ የተሟላ የሕመም ታሪክ ከዋርድ ጓደኞቼ አልሰማሁም፤ ቀናሁባቸው» አለኝ። ስለ ቨርጊስ ግን አልደገፈኝም። «አንቺ ስም መስጠትን እንደ ወንጀል አድርገሽ ጻፍሽው። የማሪዮን በሽታ ስሙ ባይታወቅ ኖሮ ማን ያድነው ነበር? ራጊንን ጠይቀውት ቢሆንስ? ምን ይሰማሃል ብለው እጁን ይዘው ያለቅሱ ነበር፣ እሱም ይሞት ነበር። እኔ እኮ አሥራ አንዱን ቀን ሙሉ የፈለግኩት ስሙን ነበር። የሚጠይቀኝ ሰውማ ሞልቶ ነበር፤ እናንተ አልነበራችሁም?»

«ነበርን» አልኩት። «ግን ምን ጠየቅንህ?»

አሰብ አደረገና ሣቀ። «አንቺ ብርቱካን ይዘሽ መጥተሽ፣ ፈተናው ተራዘመልህ ወይ አልሽኝ።»

እውነቱን ነው። መልስ አልነበረኝም፤ ስለዚህ የሱን ክርክር ሳልቆርጥ እንዳለ አስገብቼዋለሁ፤ አንባቢ ይፍረድ። ባለፈው እትም የጻፈው ጓደኛችንም መልስ ካለው የሚቀጥለው እትም አለለት።

የቼኾቭ ቅጽ እኔ ዘንድ አለ። ላንጋኖ ላይ ውኃ ነክቶት ጥራዙ ላልቷል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቅጠሎች ተገንጥለው ውስጡ አሉና የሚዋስ ሰው እንዳይጥላቸው። ካፖርቱ የሚሸትበት ገጽ ላይ የጤና ጣቢያው ካርድ ገብቷል። ያስገባው እሱ ነው፤ እዚያው ተዉት።